ክርክር፦ «ካዛንቺስ» የሚለውን ስም ገላን ጉራ እናምጣው?

አስተባባሪ፦ ጎረቤቶቼ፣ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ የመጣን ሰዎች ዕድር እያቋቋምን ነው። ስሙ «ካዛንቺስ» ይሁን የሚሉ አሉ፣ «ገላን ጉራ» ይባል የሚሉም አሉ። ነገሩ ከዕድሩ አልፎ የሰፈሩንም መጠሪያ ነክቷል። እሑድ ከመወሰናችን በፊት ሐሳባችሁን ጻፉ።

የመናኸሪያ ልጅ፦ ካዛንቺስ ይባል! እናቴ መናኸሪያው ጀርባ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ምጣዷ አሁን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ደንበኞቿ ሁሉ እዚያ ቀሩ። ቤቱን አጥተናል፣ ስሙ እንኳ ይቅርልን።

የገላን ተወላጅ፦ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ያልኩት ከልቤ ነው። ግን ይህ ቦታ ስም አጥቶ አያውቅም። ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ መጠሪያ ነው። አባቴ ጤፍና ምስር ሲዘራበት የኖረው መሬት ላይ ዛሬ ብሎክ ቆሟል። ቤታችሁ ሲፈርስ የተሰማችሁ፣ እኛም ማሳችን ሲለካ ተሰምቶናል። ስሙም ከሄደ ለልጆቼ የት ተወለድኩ እላቸዋለሁ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ «ካዛንቺስ»ን እኛ አላወጣነውም። ጣልያን በ1928 አዲስ አበባን ሲይዝ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ ምሕፃረ ቃሉ «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ነው። ወራሪው በ1933 ተባረረ፣ ቃሉ ግን በእኛ አፍ ተለዝቦ ካዛንቺስ ሆነ። ታዲያ ሰፈር ያደረገው ምን ነበር? የኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሠራተኛው፣ አዝማሪው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ አንድ መንገድ ላይ መኖራቸው ነዋ! በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የቀበሌ ቤት ተከራዩና የግቢው ባለቤት በአንድ በር ሲገቡ ሲወጡ ኖሩ። የምናፍቀው እሱን ነው፣ እሱ ደግሞ በታፔላ አይመጣም። የታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ የሚጠራው ወደ ድሮው ቦታ ነው፤ ስሙ እዚያው ባለቤት አለው። ድምፄ ለገላን ጉራ ነው።

የመናኸሪያ ልጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እኛ የጠላትን ቃል የራሳችን ካደረግን፣ እዚህስ ለምን አንችልም?

ጡረተኛው መምህር፦ እዚያ ጠላት ነበር ስም ይዞ የመጣው። እዚህ ስም ይዘን የመጣነው እኛ ነን፣ ልጄ። ልዩነቱ እሱ ነው።

የሁለተኛ ብሎክ እናት፦ እኔ የምጽፈው ስለ ለቅሶው ነው። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ሲያርፉ ጥሩምባ ነፊው ሌሊት በብሎኮቹ መሐል ነፋ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ከየት እንደመጣ ጠፋን። በመስኮት ሳይ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታች ቆመዋል፤ በየትኛው መግቢያ እንደሚገቡ አያውቁም። በድሮ ሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። የእኛ የድሮ ዕድር ዕቃ ሰዉ በየቦታው ሲበተን አብሮ ተከፋፈለ፣ ለእኛ የደረሱን ሁለት ድስትና አንድ አግዳሚ ናቸው። ድንኳኑን ያመጡልን የገላን ነባሮች ናቸው። ንፍሮ የተቀቀለበት ድስት ላይ የእነሱ ዕድር ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ለብቻችን የምናቆመው ዕድር ለምን አስፈለገ? ወደ እነሱ እንግባ፣ መዋጮውንም እንደነሱ እንክፈል።

የገላን ተወላጅ፦ እማማ፣ በራችን ክፍት ነው። ግን ሸንጎው ላይ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገር። አያቴ አማርኛ አይሰሙም።

አስተባባሪ፦ እሑድ የምንመርጠው እንግዲህ ስም ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ለብቻ ወይስ አብረን የሚለው ይወሰን።

የመናኸሪያ ልጅ፦ ለለቅሶው እንጀራ የጋገረችው እናቴ ናት፣ ድስቱንም አይቼዋለሁ። አብረን እንሁን። ስሙ ላይ ግን አልተለወጥኩም፤ እሑድ እጄን የማወጣው ለካዛንቺስ ነው።

የገላን ተወላጅ፦ አውጪ እህቴ። ለስብሰባው ድንኳኑን ቅዳሜ ማታ እናመጣለን፤ የሚተክሉ አራት ጎረምሶች አዘጋጁ።