ግንድ ለመጫን ብቻ የተዘረጋ ሀዲድ? ሰዎቹስ እንዴት ይኖሩ ነበር?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ አንድ የድሮ የእንፋሎት ባቡር ተራራ ሲወጣ አየሁና ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አገሩ አሜሪካ ነው። ባቡሩ ሰው አይጭን፣ እህል አይጭን፣ ግንድ ብቻ። ሞተሩ ደግሞ በአንድ ጎኑ ተለጥፏል። ድምፁን ስትሰሙት የሚበር ነው የሚመስለው፤ ሲሄድ ግን ጎረምሳ በእግሩ ይቀድመዋል።

ዛፍ ለመቁረጥ ብሎ ሀዲድ መዘርጋት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? እኛ ጋ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር በስንት ጭንቅ እንደተነጠፈ እናውቃለን። እነሱ ግን ለግንድ ብለው ዘርግተው፣ ጫካው ሲያልቅ ነቅለው ሄዱ ይባላል። እውነት ነው? ደግሞ በእንጨት መሰንጠቂያው ዙሪያ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም ያለው ከተማ ይታያል። ጫካው ሲያልቅ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ? በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ነበር? የምታውቁ ጻፉልኝ፣ ረዘም ቢልም አነባለሁ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
አብሽር፣ የሞተሩን ነገር ለኔ ተወው። ያየኸው ሼይ የሚባለው ነው። ኤፍሬም ሼይ የሚሺጋን ሰው ነው፣ ሥራው ግንድ ቆርጦ መሸጥ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1881 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ግንዱን ከጫካ መሰንጠቂያው ድረስ ለማምጣት የእንጨት ሀዲድ ዘርግቶ ነበር፤ ተራውን ባቡር ሲያስኬድበት ሀዲዱን እየበላ አስቸገረው። ለዚያ መላ ሲያፈላልግ ነው ይሄ የመጣለት።

ተራው የእንፋሎት ባቡር ፒስተኑ በዘንግ አድርጎ ትላልቅ ጎማዎችን ይገፋል። የውሃና የማገዶ ጋሪው ጎማዎች ግን ተጎታች ናቸው፣ ምንም አያግዙም። ዳገት ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል። ሼይ ሲሊንደሮቹን በቀኝ ጎን በኩል አቆማቸው፣ ከነሱ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ዘንግ አደረገ፤ እኛ ካርዳን የምንለው ማለት ነው። ከዚያ በየጎማው ላይ ጥርስ፣ ልክ መኪና ዲፈረንሻል ውስጥ እንዳለው ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ኮሮና እንደምንለው። ስለዚህ ከሞተሩም ከጋሪውም ሥር የማይዞር ጎማ የለም። ቦይለሩ፣ ውሃው የሚፈላበት ጋን ማለት ነው፣ ወደ ግራ ፈቀቅ ያለው የሲሊንደሮቹን ክብደት ለማመጣጠን ነው።

ድምፁ ያታለለህ ለዚህ ነው። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ዞሮ ጎማው ጥቂት ነው የሚዞረው። የተጫነ ተሳቢ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሰምተህ የለ? ፍጥነቱን ሸጦ ጉልበት ይገዛል። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካስ የሚባል ቦታ ያለው መስመር 11 በመቶ ዳገት አለው። መቶ ሜትር ሄደህ 11 ሜትር ወጣህ ማለት ነው። ተራ የባቡር መስመር ሦስት በመቶ ሲደርስ ነው መሐንዲሱ ላብ የሚያጠምቀው።

ኦሃዮ ውስጥ ላይማ በሚባል ከተማ እስከ 1945 ድረስ 2,770 ያህል ተሠርተዋል። ለኔ ቆንጆነቱ ግን ብልቱ ሁሉ ውጭ መሆኑ ነው። ጫካ መሃል ቢሰበር መካኒኩ ቆሞ ይፈታዋል፣ ሥር ገብቶ ጀርባውን አያቆስልም። ዛሬ መኪና የሚሠሩት ሰዎች ይሄን ቢያዩ ጥሩ ነበር።

መምህሩ ከወልዲያ፦
የሒሳቡን ጥያቄ ልሞክረው። ከባቡሩ በፊት በሰሜን አሜሪካ እንጨት የክረምት ሥራ ነበር፤ የነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ በረዶውን። መንገዱ ላይ ውሃ ያፈሱበትና ያ በረዶ ሲሆን ግንዱን በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ወንዝ ዳር ያደርሳሉ። በረዶው ሲቀልጥና ወንዙ ሲሞላ ግንዱን ለቀውበት እስከ መሰንጠቂያው ይወርዳል። ችግሩ ግልጽ ነው። በረዶ ካልጣለ ሥራ የለም። ከወንዝ የራቀ ጫካም አይነካም።

ሚሺጋን ውስጥ ዊንፊልድ ስኮት ጌሪሽ የሚባል ነጋዴ በ1877 ከጫካው እስከ መስኬጎን ወንዝ አጭር ሀዲድ ዘረጋ። የዚያ ዓመት ክረምት እንዳጋጣሚ ሞቃት ሆነ፤ የሌሎቹ ግንድ ጫካ ውስጥ ተጋድሞ ሲቀር የሱ ወንዝ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሀዲድ ፈላጊ ሆነ። ከወንዝ ስለራቀ ብቻ የተረፈ ጫካ ሁሉ ተራው ደረሰ።

አሁን ነቅለው ሄዱ ያልከው እውነት ነው፣ እንዲያውም ሒሳቡ እሱ ላይ ነው የቆመው። ዋናው መስመር ደህና ተደርጎ ይሠራል። ወደ ጫካው የሚገቡት ቅርንጫፎች ግን ጠጠር እንኳ አይፈስላቸውም፤ አፈሩ ላይ እንጨት ይረበረብና ብረቱ ከላይ ይቸነከራል። አካባቢው ሲመነጠር ያው ብረት ተነቅሎ ቀጥሎ ያለው ሸለቆ ውስጥ ይነጠፋል። በ1882 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ዶልቢር በእንፋሎት የሚሠራ ዊንች የፈጠራ መብት አወጣ፤ ግንዱን በገመድ እየጎተተ ሀዲዱ አጠገብ የሚያደርስ። በሬውና ፈረሱ ከሥራ ወጡ።

ሰዎቹን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ኑሮ ነበር። ቆራጮቹ ጫካ ውስጥ ካምፕ ነው የሚኖሩት። በብዙ ቦታ ቤቱ ራሱ ፉርጎ ላይ የሚጫን ሳጥን ነበር፤ ሀዲዱ ሲነቀል ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። መሰንጠቂያው ያለበት ከተማ ግን ቋሚ ነው፣ ባለቤቱም አንድ ኩባንያ ነው። ቤቱን የሚያከራየው፣ ሱቁን የሚከፍተው፣ ሐኪሙን የሚቀጥረው እሱ ነው። በብዙዎቹ ከተሞች ደመወዙ ራሱ ከኩባንያው ሱቅ ውጭ በማይሠራ ኩፖን ወይም የቆርቆሮ ሳንቲም ይከፈል ነበር። ማለትም በቀኝ እጅ የሰጠውን በግራ ይቀበላል። ከሥራ የተባረረ ሰው የዚያኑ ዕለት ቤት አልባ ነው።

ጋራዡ ያነሳት ካስ በ1901 የተመሠረተችው እንዲህ ሆና ነው፣ የወረቀት ኩባንያ ከተማ ሆና። መሰንጠቂያው በ1960 ተዘጋ። ሀዲዱ ሊነቀል ሲል ግዛቱ ገዛውና ከ1963 ጀምሮ ባቡሩ ቱሪስት ይጭናል፤ ነጫጮቹ የሠራተኛ ቤቶችም ለእንግዳ ይከራያሉ። ግን እንዲህ ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች ናቸው። በደቡብ በኩል፣ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ፣ ቆርጠህ ጨርስና ውጣ ነበር ደንቡ። መጋዙ ተነቅሎ ይሸጣል፣ ሰዉ ወደሚቀጥለው መሰንጠቂያ ይሄዳል፣ የሚቀረው ጉቶ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
ይሄ ሁሉ ሆኖ ነው እንግዲህ እኛን ዛፍ ትከሉ የሚሉን 😂 ራሳቸው በባቡር ጨርሰውት። ለማንኛውም ጋራዥ አንድ ነገር ንገረኝ፣ ያ ባለ ጥርስ ባቡር ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል?

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
ቀልድህን ነው፣ ግን መልሱ አዎ ነው። ታይዋን ውስጥ አሊሻን የሚባል መስመር አለ። ጃፓኖች ደሴቱን በያዙ ጊዜ ከተራራው ግንድ ለማውረድ የሠሩት ነው፣ በ1912 ሥራ ጀመረ። ቺያዪ ከምትባል ከተማ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ይነሳና በ71 ኪሎ ሜትር ውስጥ 2,216 ሜትር ይደርሳል። የሚጎትቱት እነዚሁ ሼይ ባቡሮች ነበሩ። ሀዲዱ ጠባብ ነው፣ ወርዱ 762 ሚሊ ሜትር፤ አንድ ቦታ ተራራውን ራሱን እየዞረ ነው የሚወጣው። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ደሴ 2,500 አካባቢ ናቸው፤ ልዩነታቸው የአሊሻንን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ከምሳ በፊት ተነስተህ ለመክሰስ መድረስህ ነው።

አናፂው፦
በእኛ አገርስ ለተባለው። የድሮዎቹ ሁለቱ መስመሮች፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎ ሜትርና ጣሊያን ከምጽዋ አስመራ በፈረንጅ 1911 ያደረሰው፣ ለንግድና ለጦር የተሠሩ ናቸው እንጂ ለጫካ አይደሉም። መሰንጠቂያ ግን ነበር። ሙኔሳ ሻሸመኔ ጫካ ውስጥ የነበሩት መሰንጠቂያዎች ስንት ዝግባ አውጥተዋል። ግንዱ የሚወጣው ግን በመኪና ነው። በመኪና የሚሠራ መሰንጠቂያ ደግሞ እንዲያ ያለ ከተማ አይፈጥርም፤ ሠራተኛው ማታ ሰፈሩ ይገባል።

የዝግባ ጣውላ የሠራበት ሰው ያውቀዋል። ለመላጊያ እጁን ይሰጣል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ወንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ፤ ልክ ነበር፣ ግን ሙያው አብሮ ነው የተጎዳው። አሁን ደሴ ላይ የምንሠራው በምንድነው? ለሞራሌውም ለአጠናውም ባሕር ዛፍ፣ ለቁም ሳጥኑ ቺፑድና ኤምዲኤፍ። የአያቱን የወንዛ ሳንዱቅ አምጥቶ ልክ እንዲህ ሥራልኝ የሚለኝ ደንበኛ አለ። ከምኑ ልሥራለት? ያንን ሳንዱቅ እንዳትሸጠው ብዬ ነው የምሸኘው።

የይጎፍ ጎረቤት፦
የሙያዬ ነገር ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው እሳት ነው፣ ማንም አላነሳውም። እነዚያ ቆራጮች የሚፈልጉት ግንዱን ነው፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ እዚያው ተከምሮ ይደርቃል። በላዩ ላይ ብልጭታ እየተፋ የሚያልፍ ባቡር አለ። መሰንጠቂያው ያለበት ከተማ ደግሞ ቤቱ እንጨት፣ መንገዱ ላይ ሰጋቱራ የፈሰሰበት። ዊስኮንሲን ውስጥ ፔሽቲጎ የምትባለው የመሰንጠቂያ ከተማ በፈረንጅ ኦክቶበር 8 ቀን 1871 በአንድ ሌሊት ነደደች። በአካባቢው ያለቀው ሰው ከ1,200 እስከ 2,500 ይገመታል። የዚያኑ ቀን ማታ ቺካጎም ስለተቃጠለች ዓለም የሚያወራው ስለ ቺካጎ ሆነ። ሂንክሊ በሚኒሶታ በ1894 ከ400 ሰው በላይ አለቀ። እዚያ ግን ጂም ሩት የሚባል የባቡር ሹፌር ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ እሳቱ ሲመጣበት ባቡሩን በኋላ ማርሽ እየነዳ ተሳፋሪውን ጭቃ የሞላበት አንድ ሐይቅ አደረሰና ብዙ ነፍስ አተረፈ።

ሁለተኛው ለባቲ ሰኞ ነው። ወንድሜ፣ ፈረንጁ በባቡር ጨረሰው ትላለህ፤ የወሎስ ጫካ በምን አለቀ? ሀዲድ አልደረሰበትም። በእርሻ፣ በማገዶ፣ በከሰል፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው ያለቀው። ዛሬ ያገር በቀል ዛፍ ማየት የፈለገ ወይ ይጎፍ ተራራ ይውጣ፣ ወይ ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ጫካ ይሂድ፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይግባ። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። እነሱ በአንድ ሰው ዕድሜ የጨረሱትን እኛ በብዙ ትውልድ። ከ77 ድርቅ በፊትም በኋላም ሰዉ ለሥራው እህልና ዘይት እየተከፈለው የሠራው እርከን ዛሬም ተራራው ላይ ይታያል። ስለዚህ ትከሉ ያለህን ሁሉ ፈረንጅ አታድርገው፣ እኔም ነኝ የምለው።

ባቲ ሰኞ፦
እሺ እህቴ፣ ተሸንፌያለሁ። ግን የኔ ባሕር ዛፍ ላይ እንዳትመጪ።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ ቤቱ ደመቀ፣ አላህ ይስጣችሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በደቡብ በኩል ቆርጠው ጨርሰው ወጡ ብለዋል። አንድም የተረፈ ከተማ የለም? ሠራተኛውስ ዝም ብሎ ነው የተገዛው?

መምህሩ ከወልዲያ፦
የተረፈ አለ። ሉዊዚያና ውስጥ ቦጋሉሳ። በ1908 ሥራ የጀመረው መሰንጠቂያዋ የዓለም ትልቁ ይባል ነበር። ባለቤቶቹ ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረጉ፤ በ1918 የወረቀት ፋብሪካ አስከተሉ፣ በ1920ዎቹ ደግሞ የጥድ ችግኝ በሰፊው ተከሉ። ትልልቁ ዛፍ አልቆ መሰንጠቂያው በ1938 ሲዘጋ ከተማዋ አብራ አልተዘጋችም። ለወረቀት ቀጭን እንጨት ይበቃል፣ ቀጭን እንጨት ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ዝም ብሎ ተገዛ ወይ ላልከው ግን እዚያችው ቦጋሉሳ ነው የምወስድህ። በደቡብ ካምፖች የጥቁርና የነጭ ሠራተኛ ሰፈሩም ሱቁም ተለይቶ ነበር፤ ለኩባንያዎቹ ይሄ ተመችቷቸዋል፣ አንዱን በሌላው ያስፈራሩበታል። በ1919 ግን ሁለቱም ማኅበር አቋቁመው በአንድ ላይ ቆሙ። የጥቁሮቹ ማኅበር መሪ ሶል ዳከስ ይባላል። በኅዳር ወር የኩባንያው ታጣቂዎች ሊይዙት ሲያሳድዱት ነጭ የማኅበሩ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ከጎኑ ሆነው በዋናው መንገድ ሄዱ። በማግስቱ ታጣቂዎቹ የተሰበሰቡበትን ቤት ከበው ተኮሱ፣ አራት ነጮች ተገደሉ። ዳከስ አመለጠ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ አላንሰራራም፣ ለግድያውም የተቀጣ ሰው የለም።