ሸክላው 58 በመቶ፣ ውሃው ግን አይቆምበትም

የመራዊ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። የአባቴ ማሳ ቆጋ መስኖ ውስጥ ነው፣ ከመራዊ ብዙም አይርቅም። ቀይ አፈር ነው፤ ዘንድሮ ድንች ይዟል። አፈሩን ባሕር ዳር ወስጄ አስመርምሬው ሸክላ 58፣ ደለል 24፣ አሸዋ 18 በመቶ አሉኝ። ኦርጋኒክ ማተሩ 3 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ሳክስተንና ራውልስ በ2006 ያወጡት፣ ከአፈሩ ይዘት ተነስቶ ውሃ አያያዙን የሚገምት ቀመር ውስጥ አስገባሁት። ፊልድ ካፓሲቲ (ትርፉ ከሰረገ በኋላ አፈሩ ይዞ የሚቀረው ውሃ) 45፣ ዊልቲንግ ፖይንት (ተክሉ መሳብ አቅቶት ሲጠወልግ አፈሩ ውስጥ የሚቀረው) 34 በመቶ አለኝ። ለተክሉ የሚተርፈው 11 በመቶ ነው፤ በአንድ ሜትር ጥልቀት 110 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እሺ፣ ይሁን። ያልተዋጠልኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አፈሩ የሚያሰርገው ውሃ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ይላል። እንዴ! እኛ ጋ ውሃው ትልሙ ጫፍ ሳይደርስ ነው መሬቱ የሚጠጣው። አባቴ ከውሃ አባቱ (ከተራ አከፋፋዩ) ጋር የሚጨቃጨቀው በዚሁ ነው፤ «ተራህ አልቋል» ሲሉት ግማሹ ትልም ገና ደረቅ ነው።

የባሰው ደግሞ የአክስቴ የፎገራ ማሳ ነው። ሸክላው ከእኛ ብዙም አይለይም፤ እዛ ግን ውሃው ተኝቶ ሩዝ ይበቅልበታል። የሳተው ቀመሩ ነው ላብራቶሪው?

አፈር ቤት፦
ላብራቶሪውን ተይው እህቴ። እኔ እዚያው አፈር ስመዝን የሸበትኩ ሰው ነኝና ትንሽ ልዘርዝርልሽ።

ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካ አፈር መረጃ ነው። ሲሠሩትም ሸክላው ከ60 በመቶ የሚበልጠውንና ባልክ ዴንሲቲው (የአንድ ሲሲ ደረቅ አፈር ክብደት በግራም) ከ1 በታች የሆነውን አፈር አውጥተውታል። ያንቺው 58 ጠርዝ ላይ ነው ያለው።

ሸክላም ሸክላ ነው ብለሽ እንዳትተዪው። የፎገራው ዋልካ ስሜክታይት የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቀዩ አፈር የሚበዛው ካኦሊናይት ነው፤ እሱ ብዙ አያብጥም። ቀለሙን የሰጠው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ ሸክላውን እያያያዘ ፍርፍር ያደርገዋል። እስኪ ደረቁን አፈር በጣትሽ እሺው፤ አሸዋ ይመስልሻል። ውሃ ጠብ እያደረግሽ ትንሽ ደቂቃ ስታለፊው ነው ሸክላነቱ የሚወጣው፤ ያኔ ከጣትሽ አልላቀቅ ይላል። (ካልጎን በሚባለው የሸክላ መበተኛ ጨው ውስጥ በደንብ ሳይበተን ከተለካ ያ ፍርፍር ደለል ወይም አሸዋ ተብሎ ይቆጠራል። 58 ካሉሽ ሥራቸውን ሠርተዋል።) ውሃሽ የሚያልፈው በፍርፍሩ መሃል ነው፤ የሸክላውን በመቶኛ ማን ይጠይቀዋል!

ባልክ ዴንሲቲ አላስለካሽም መሰለኝ። ካልሰጠሽው ቀመሩ በራሱ ይገምታል፤ ባንቺ ቁጥሮች 1.27 ገደማ ይወጣል። ያ ማለት ከአፈሩ 52 በመቶው ቀዳዳ ነው። ለክተሽ 1.05 ብታገኚ ግን 60 በመቶ ይሆናል፤ 1.05ን ለ2.65 (ለአፈሩ ጠጣር ቅንጣት ጥግግት) አካፍለሽ ከ1 መቀነስ ነው። የጨመረው 8 በመቶ በአብዛኛው ሰፋፊ ቀዳዳ ነው።

እኔ ብሆን ደረቁን ጫፍ ከቀመሩ ወስጄ እርጥቡን ጫፍ እለካለሁ። ዊልቲንግ ፖይንት ላይ፣ አፈሩ ውሃውን በ1500 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይዞ ሲቀር ማለት ነው፣ የቀረው ውሃ ሸክላው ላይ የተለጠፈ ነው። መሬቱ ቢታረስም ቢረገጥም ያን ያህል አይለወጥም፤ ግምት ያስኬዳል። ፊልድ ካፓሲቲ ግን የፍርፍሩ ጉዳይ ነው። ቀመሩ በ33 ኪሎ ፓስካል ነው የሚወስደው፤ እንዲህ ላለው የሐሩር ቀይ አፈር ግን ብዙ ጊዜ 10 ይሻላል።

የወረታ ሰው፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ስለኛው ዋልካ አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱ ሳይገባ ብትመጪ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው የምታዪው። የመጀመሪያው ውሃ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አብጦ ሲገጥም ነው ሩዙ ውሃ ላይ የሚቆመው። ስለዚህ የአክስትሽን ማሳ ባልክ ዴንሲቲ ከለካሽ የዚያን ቀን እርጥበት አብረሽ ጻፊ። ደረቁና እርጥቡ በጣም ይለያያል፤ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ሁለቱን ማሳ በአንድ ቀመር ማስላቱን ደግሞ እርሺው።

የመራዊ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ጋሼ፣ እርጥቡን ጫፍ እንዴት ልለካው? ፕሬሸር ፕሌት (ውሃውን በግፊት ከአፈሩ የሚያስወጣውን የላብራቶሪ መሣሪያ) ከየት አመጣለሁ? ቅዳሜ የውሃ ተራችን ነው። ናሙናውንስ ምጣድ ላይ ላደርቀው እችላለሁ?

አፈር ቤት፦
ምጣድ አይሆንም፤ ሙቀቱን አትቆጣጠሪውም፣ ኦርጋኒክ ማተሩም ይቃጠላል። 105 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት የሚያቆይ ኦቨን ያለው ፈልጊ።

ቅዳሜ ከማሳው ጥግ ትንሽ ቦታ ከልለሽ ጠጥቶ እስኪበቃው አጠጪው። ከዚያ እንዳይተንብሽ በላስቲክ ሸፍኚው፤ በላዩ ሣር ጣል አድርጊበት። ሰኞ ግለጪውና 15 እና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ 100 ሲሲ ሲሊንደር አስገቢ። በመዶሻ ቀጥታ አትምቺው፣ እንጨት ጣል አድርጊበት፤ አለዚያ ፍርፍሩን ትጨፈልቂውና የፈለግሽው ነገር ይጠፋል። ሁለቱን ጫፍ በቢላ አስተካክለሽ እዚያው መዝኚ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ኦቨን ውስጥ የጠፋው ግራም ራሱ የውሃው በመቶኛ ነው፤ ሲሊንደሩ 100 ሲሲ ነዋ። ደረቁን ክብደት ለ100 ስታካፍዪው ደግሞ ባልክ ዴንሲቲሽ ነው፤ የሲሊንደሩን ክብደት መቀነስ እንዳትረሺ። ከየጥልቀቱ ሦስት ሦስት ውሰጂ፤ አንዱ ጠጠር ወይም የድንች ሥር ገብቶበት ሊያሳስትሽ ይችላል።