የሳሎናችን ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል፤ ሴራሚክ ላስለጥፍበት ወይስ ሌላ መላ አለው?

ኮተቤዋ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ቤታችን ኮተቤ ዳገቱ ላይ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በብሎኬት ያሠራው የ20 ዓመት ቤት ነው። የኋላ ጎረቤታችን ግቢ ከኛ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሐምሌ ላይ ቡፌውን ፈቀቅ አድርጌ ላጸዳ ስል ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። ከጥቁሩ በላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ በጣት ሲነኩት ከነልስኑ ይረግፋል። ቡፌው ውስጥ የነበረው የእናቴ የሠርግ አልበም ገጾቹ ተጣብቀዋል። ሳሎኑ የረጠበ ጆንያ ይሸታል። እንግዳ ሲመጣ እጣን እናጨሳለን፤ እጣኑ ያልቅና ጆንያው ይመለሳል።

አምና ቀለም ቀቢ አምጥተን ነበር። ጄሶ ሞላበት፣ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባውና ሄደ። ለፋሲካ ምን የመሰለ ሳሎን ሆኖ ነበር! ነሐሴ ላይ እንደ እባብ ቆዳ ተገሸለጠ። አሁን ደግሞ ሌላ ባለሙያ «እስከ ግማሹ ሴራሚክ ለጥፊበትና ተገላገይ» አለኝ። የጠየቀኝን ብር እዚህ ብጽፈው እናንተንም ያልባችኋል። ምን ትላላችሁ?

የገርጂ ልጅ

እኛም ቤት እንዲህ ነበር። ብቻ የኛው ጥር ላይም አይደርቅም። ኋላ ሲታይ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የሻወር ቱቦ ያንጠባጥብ ነበር። ማታ ሮቶው ከሞላ በኋላ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና የቆጣሪውን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ጠዋት ቁጥሩ ከተቀየረ ጣጣው የዝናብ አይደለም።

ግንበኛው

እህቴ፣ ሴራሚኩን እርሺው። ግድግዳሽ ውኃ የሚጠጣው በእግሩ ነው። ፊቱን ብትሸፍኚበት ውኃው መውጫ ያጣና ሽቅብ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከሴራሚኩ በላይ ታገኚዋለሽ። ፕላስቲክ ቀለሙም የተላጠው ለዚሁ ነው። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውኃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣዋል፤ እሱ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው እንጂ አትጠቢው።

ለርጥበት የጠራኝ ሰው ሁሉ ቀጥታ ሳሎን ያስገባኛል። እኔ ደግሞ ወደ ጓሮ ነው የምዞረው። ዝናቡ ሲጥል፣ ካባራ በኋላ ሳይሆን ሲጥል፣ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ቤቱ ጀርባ ቁሚ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ የት ነው የሚያርፈው? የአሸንዳው መውረጃ አጭር ከሆነ ግድግዳው ስር አፈሩ ታጥቦ ጠጠሩ በመስመር ይታያል፤ ልስኑም ላይ የጭቃ ፍንጣቂ አለ። ከዚያ የጓሮውን መሬት ከሳሎንሽ ወለል ጋር አስተያዪ። ይሄን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። በየዓመቱ ግቢ ውስጥ አፈር ይደፋል፣ ሊሾ ላይ ሊሾ ይፈሳል፣ የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ወለልሽ ከመሬት በታች ሆኖ ቁጭ! ልኩን ለማወቅ ባለሙያ አያሻሽም። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ውኃ ሙዪበት፣ አንቺ አንዱን ጫፍ በር ላይ፣ ሌላ ሰው ሁለተኛውን ጓሮ ላይ ይያዝ። ውኃው ሁለቱም ጋ እኩል ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ወለሉና ወደ መሬቱ መለካት ነው።

መሬቱ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ ይበል፤ ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድም በየሜትሩ 5 ሳንቲ ይውረድ። ከጎረቤት ለሚመጣው ውኃ ግን ይሄ ብቻውን አይመልስም። ቦይ ያስፈልግሻል፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በላይኛው በኩል። ሠራተኛው መሠረቱን ተጠግቶ ሲቆፍር ካየሽ ዶማውን ቀሚው። የቦዩን ውስጥ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን፣ ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ አልብሺው፤ ጠጠር፣ የተበሳሳ ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ፣ እንደገና ጠጠር፣ ከዚያ ጨርቁን ከላይ እጠፊው። ጨርቅ ከሌለው አፈሩ ገብቶ ይደፍነዋል። ቱቦው በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ይውረድ፤ ውኃውም ወደ መንገዱ የዝናብ መውረጃ ይሂድ። ወደ ሴፕቲክ ታንክ የቀጠሉትን ስንት ቤት አይቻለሁ መሰለሽ! ክረምት ላይ የሚሆነውን አልነግርሽም።

የሞተውን ልስን አሁኑኑ አስፈልጪው። ከዚያ ተይው፣ ብሎኬቱ ይተንፍስ። በጋውን በሙሉ ይደርቅ እንጂ ለገና ልድረስ ብለሽ እንዳታስለስኚ። ጎረቤትሽንም ወረዳ ከመሄድሽ በፊት ቡና ጥሪያቸው። አሸንዳቸው ወደናንተ ከሆነ የሚፈሰው፣ ማዞሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሜሪላንድ

ግንበኛው ልክ ነው። እኔ ቤዝመንቴ ረጥቦ አንድ ኮንትራክተር «ዙሪያውን ካልቆፈርን» ብሎኝ ነበር። ለካ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል፤ መውረጃውም ግድግዳው ስር ነው የሚተፋው። ቅጠሉን ጠረግኩ፣ 2 ሜትር ቱቦ ቀጠልኩበት፣ በቃ። ኮተቤ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ዳገት ጎርፍ አውቀዋለሁ።

ኮተቤዋ

ጋሽ ግንበኛው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቆጣሪውን አየሁት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወርደው እንዳሉኝ ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ቆምኩ። እናቴ በመስኮት «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ትላለች።

አሸንዳችን ደህና ነው። ውኃው የሚመጣው ከጎረቤት የድንጋይ ግንብ ስር ነው፤ በሦስት ቦታ ይንፎለፎላል። ከዚያ በሊሾው ላይ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ። ሊሾው ራሱ ወደ ቤቱ ነው ያዘነበለው! በቱቦው ስንለካ ሊሾው ግድግዳው ጥግ ላይ ከሳሎናችን ወለል በ4 ሳንቲ ከፍ ይላል።

ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «አባትሽ የቆፈራት ቦይ እኮ እዚያው ነበረች» አለች። «መኪና ማቆሚያው ሲሠራ ነው ሊሾ ያፈሰስንባት።»

መኪናውን ከሸጥነው 6 ዓመታችን ነው። ቅዳሜ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይመጣል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጋሼ፦ የድሮዋን ቦይ ካገኘናት ግድግዳውን በጣም የተጠጋች ከሆነች ደፍነን አዲስ እንቆፍር ወይስ እሷኑ እንጠቀም?

ግንበኛው

ሊሾውን አንሱና በሜትር ለኪያት። ከግድግዳው 80 ሳንቲ ካለች ራሷን ጥረጊያት። ከዚያ ካነሰች ድፈኛትና ወደ ላይ ፈቀቅ በሉ። ፎቶ ላኪልኝ።