ከስደት የተመለሱ ታካሚዎች ስለ ሲጋራ ለሐኪም እንዲናገሩ ታብሌት እንዴት ላግዛቸው?

ቦርከና
ኮምቦልቻ አካባቢ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። ከሳዑዲና ከየመን የተመለሱ ወጣቶች ለሳል፣ ለጨጓራ ይመጣሉ። ሲጋራ ወይም ሺሻ እዚያው የለመዱ ብዙ ናቸው፤ ሐኪሙ ፊት ግን ስለ ሳሉ ብቻ ተናግረው ይወጣሉ። ሐኪሙም ወረፋው ስለሚያጣድፈው አይጠይቅም። ከከሚሴ በኩል የሚመጡት ኦሮምኛ ይቀናቸዋል፣ ጅዳ ያደጉት አማርኛ ቢሰሙም አያነቡም። አንድ ታብሌት አለን፤ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። ወረፋ ሲጠብቁ ታብሌቱ ጠይቋቸው መልሱ ሐኪሙ ጋ እንዲደርስ ምን ላድርግ?

ጦሳ ሥር
አብሽሪ ሲስተር፣ ይቻላል። ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ጫኚበት፤ ቅጹ አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአማርኛና በኦሮምኛ የተቀዳ ድምፅ አያይዢ፤ የማያነበው ሰምቶ ሥዕል ይነካል። የድምፅ ፋይሉ ስም ቅጹ ላይ ከተጻፈው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ድምፁ አይሰማም፤ መጀመሪያ የሚበላሸው ይኼ ነው። ስትቀጂ «እርስዎ» በሚል ይሁን። «አንተ» ካልሽ ለሴቶቹ ሌላ ቅጂ ያስፈልግሻል።

ስድስት ጥያቄ ይበቃል። «ያጨሳሉ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ በርጫ ላይ ብቻ የሚያጨሰው ራሱን አጫሽ ብሎ ስለማይቆጥር «አላጨስም» ይላል። «ባለፉት 30 ቀናት ሲጋራ ወይም ሺሻ ስበዋል?» በይ። ቀጥሎ ሱሱን የሚለኩት ሁለቱ ይምጡ። የመጀመሪያው፦ ጠዋት ከነቁ ስንት ደቂቃ ቆይተው ያጨሳሉ? በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 30 ከሆነ 2፣ ከ31 እስከ 60 ከሆነ 1፣ ከዚያ ካለፈ 0። ሁለተኛው፦ በቀን ስንት ፍሬ? እስከ 10 ዜሮ፣ ከ11 እስከ 20 አንድ፣ ከ21 እስከ 30 ሁለት፣ ከዚያ በላይ ሦስት። ድምሩን ቅጹ ራሱ እንዲያሰላ ማድረግ ትችያለሽ። 5 ወይም 6 የመጣለት ሰው ሱሱ ከባድ ነው፣ በምክር ብቻ አትሸኙት። ከዚያ ከጫት ጋር ነው ወይስ ለብቻው፣ ከዚህ በፊት ለማቆም ሞክረዋል ወይ የሚሉትን ጨምሪ። የመጨረሻው «ዛሬ ዶክተሩ ስለዚህ እንዲያነጋግርዎት ይፈልጋሉ?» ይሁን። ሐኪሙ ወሬውን ለመጀመር የሚደፍረው በዚህ መልስ ነው።

ሐኪሙ ታብሌቱን ከፍቶ ያያል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ካርዱ ላይ ደም ግፊት ከሚጻፍበት ጎን አንድ መስመር ጻፊለት፦ «ሲጋራ 15 ፍሬ፣ ጠዋት በ10 ደቂቃ፣ ነጥብ 3፣ ማቆም ይፈልጋል»። ለታካሚው ደግሞ የቅጹ መጨረሻ ላይ «ዶክተር፣ ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ድምፅ ይሰማ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ከገባ አፉ ላይ ይቀርለታል።

ገራዶ
አግዳሚው ላይ አትስጫቸው! ከጅዳ የተመለሰች ልጅ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሺሻ እስባለሁ ብላ አትነካም። ጥግ ፈልጊ፣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙሪ፣ የጆሮ ማዳመጫ ስጪ (በየሰዉ መሃል በአልኮል ይጠረግ)። ስም አታስገቢ፣ የካርድ ቁጥር ይበቃል።

በኋላ በኤስኤምኤስ ለመከታተል ካሰብሽ፣ በእኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ቁምፊ ነው፤ በላቲን 160 ይይዛል። አንዳንድ የቁልፍ ስልክ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። ስልኩ የቤተሰብ ሊሆን ስለሚችል «ሲጋራ» የሚለውን ቃል አትጻፊ፣ «ቀጠሮዎ ሐሙስ ነው» በቂ ነው። ካቆመ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ግን ደውይለት፤ ያን ጊዜ ነው ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ የሚያይለው።

የሐይቅ ልጅ
ከፋርማሲ ወገን ልጨምር። ጥያቄውን ከመጀመርሽ በፊት ሲጋራ ለማቆም የሚረዳው የኒኮቲን መለጠፊያ ወይም ማስቲካ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መኖሩን አጣሪ። «ማቆም እፈልጋለሁ» ብሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ዳግም አይናገርም። በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ለሚያጨስ መለጠፊያው ለ6 ሳምንት 21 ሚሊግራም፣ ከዚያ 2 ሳምንት 14፣ ከዚያ 2 ሳምንት 7 ነው። ጠዋት ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቦታው በየቀኑ ይቀየራል።

ማስቲካው ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ቀስ ብሎ ታኝኮ አፍን መለብለብ ሲጀምር ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል። ጫት የለመደ ሰው ጉንጭ ውስጥ ማቆየቱን ወዲያው ይይዘዋል፤ ግን ሳያቋርጥ አኝኮ ይውጠዋል፣ ስቅታና ቃር ይይዘዋል። ከቡና ጋርም አይሄድም፤ ቡና ከጠጣ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ አለበለዚያ አፉ ኒኮቲኑን በደንብ አይስበውም። በረካ ጠጥቶ ወዲያው የሚያኝክ «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ማቆሚያ ቀኑን ጫት የማይቃምበት ቀን አድርጉት። ረመዳን ከሆነ ቀኑን ሙሉ ስለማያጨስ ፈተናው ከኢፍጣር በኋላ ያለችው ሰዓት ናት፤ ምክሩም ለዚያች ሰዓት ይዘጋጅ።

ቦርከና
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ገና ሳዑዲ ላሉትስ? ቤተሰቦቻቸው ይጠይቁኛል።

ጦሳ ሥር
ለእነሱ ቅጽ አያስፈልግም። በኢሞ የድምፅ መልእክት ይላክላቸው፦ «አብጋ አትሩክ አት-ተድኺን»፣ ማጨስ ማቆም እፈልጋለሁ ማለት ነው። በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨሱና ጠዋት በስንት ደቂቃ እንደሚጀምሩ ሁለቱን ቁጥሮች ስልካቸው ላይ ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩት። የመድኃኒት መጠን ግን በትርጉም መተግበሪያ አይተርጎም፤ «በቀን አንድ» እና «አንድ ቀን» ሲቀያየሩ ታካሚው የተሳሳተ መጠን ይወስዳል ማለት ነው። ቁጥሩን ሐኪሙ ራሱ ወረቀት ላይ ይጻፍላቸው።