የ14 ዓመት ወንድሜ 18 ተብሎ ተመዝግቧል

ታናሽ ወንድሜ እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ ሰርቋል ተብሎ ከተያዘ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ዕድሜው 14 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ ቁመቱ ረዘም ስለሚል ግን ቃሉ በተመዘገበበት ወረቀት ላይ 18 ተብሎ ተጽፏል። የታሰረውም ከአዋቂዎች ጋር ነው። ትናንት ምሳ ሳደርስለት እጄን ይዞ አልለቅም አለኝ።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ዕድሜው ላይ ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፤ የተወለደው ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ ገጠር፣ እቤት ውስጥ ነው። በእጄ ያለው የክትባት ካርዱ ብቻ ነው። ስሙ ይነበባል፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ግን ውሃ ነክቶት የመጨረሻዋ ቁጥር ጠፍታለች። መርማሪው አልቀበልም አለ። ሆስፒታል ሄጄ የዕድሜ ምርመራ ስጠይቅ ያለ ፍርድ ቤት ወይም ያለ ፖሊስ ደብዳቤ አይሆንም ተባልኩ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የለንም፤ ቀጠሮው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነው።

የምታውቁ ወገኖች፣ የዕድሜ ምርመራ እንዲታዘዝለት እናታችን ችሎት ላይ ቆማ በቃል ብትጠይቅ ይበቃል ወይስ አስቀድማ በጽሑፍ ማመልከት አለባት?