ደሴ ላይ በሕንፃ ግድግዳ የብርሃን ትርዒት፦ 10,000 ሉመን ይበቃል?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ፊት ላይ ፕሮጀክሽን ማፒንግ (ቪዲዮን ከሕንፃው ቅርጽ ጋር ገጥሞ ማሳየት) ሊሠራ ታስቧል። ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ 20 ሜትር ስፋት፣ 12.5 ሜትር ከፍታ አለው። ግድግዳው ክሬም ቀለም ነው፣ መሃሉ ላይ መስታወት አለ። የተገኘው ኪራይ 10,000 ሉመን (የሚወጣው ብርሃን መጠን) ሌዘር ፕሮጀክተር ነው፣ 1920 በ1200 ፒክሰል። አንድ ይበቃል? የትስ ይቀመጥ?

ቦርከና፦
ሉመኑን ለካሬ ሜትሩ አካፍለው፦ 10,000 ለ250፣ 40 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን)። የመንገድ መብራቱ ግድግዳው ላይ 15 ሉክስ የሚጥል ከሆነ ምስልህ ይገረጣል። ፕሮጀክተር ጥቁር አይተፋም፤ ጥቁሩ የግድግዳው ጨለማ ነው። ስለዚህ ኪራይ ሳትከፍል ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ግድግዳውን በሉክስ መለኪያ ለካው። ፊት ለፊት ያሉት ፖሎች ለሰዓቱ እንዲጠፉ ማዘጋጃ ቤቱን ማስፈቀድ ሁለተኛ ፕሮጀክተር ከመከራየት ይረክሳል።

ርቀቱ በሌንሱ ይወሰናል፤ የሌንሱ ቁጥር በምስሉ ስፋት ይባዛል። 1.2 ከሆነ 24 ሜትር፣ 0.8 ከሆነ 16 ሜትር። መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ ከውስጥ አቡጀዴ ወጥሩበት፤ ቀለም የገባበት ከሆነ ግን ተወው፣ ቪዲዮው ላይ ያንን ቦታ በማስክ ሸፍነህ አጥቁረው። ክሬም ቀለም ሰማያዊን ይበላል፣ ቪዲዮው ላይ ሰማያዊውን ከፍ አድርጉት።

ሸዋበር፦
ሁለት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን አድርጎ ጠርዙን ማዋሃድ አይሻልም? ጥራቱም ይጨምራል።

ቦርከና፦
ለዚህ ግድግዳ አይሆንም። አግድም ብታስቀምጣቸው እያንዳንዱ 11 ሜትር ሲሸፍን ከፍታው 7 ሜትር አይሞላም፣ ላይኛው ፎቅ ይቀራል። በቁም ብታዞራቸው አንዱ 7.8 ሜትር ብቻ ነው፣ ሦስት ያስፈልጋል። (በቁም መሥራት የማይችል ፕሮጀክተርም አለ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።) ሁለቱን በአንድ ምስል ላይ ደርባችሁ 80 ሉክስ ብታገኙ ይሻላል።

ሐይቅ ዳር፦
ብርሃኑን ጨርሳችኋል፣ ትርዒት የሚያበላሸው ግን ሌላ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በሜኑው ውስጥ የከፍታ ሞዱ ካልበራ ማራገቢያው አይበቃም፣ መሃል ላይ ሞቆ ይጠፋል።

ፕሮጀክተሩ የሚቀመጥበት ስካፎልዲንግ በነፋስ አንድ ዲግሪ ቢያዘም 24 ሜትር ላይ ምስሉ 42 ሳንቲሜትር ይሸሻል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ይዛነፋሉ። እግሩን በአሸዋ ከረጢት ጫኑት፣ ከተስተካከለ በኋላ ማንም አይውጣበት። ምስሉን በሌንስ ሺፍት (ሌንሱን በማንሸራተት) እንጂ በኪስቶን (ምስሉን በዲጂታል መንገድ በማጣመም) አታስተካክሉ፣ ኪስቶን ፒክሰል ያባክናል። የቀረውን ሬዞሉም ወይም ማድማፐር በሚባል የማፒንግ ሶፍትዌር ላይ በነጥብ ሳቡት።

ተራ ኤችዲኤምአይ ገመድ ከ15 ሜትር በላይ አያስተማምንም። ምስሉን በካት 6 የኔትወርክ ገመድ የሚልክ ኤችዲ ቤዝ ቲ ማስተላለፊያ ተጠቀሙ። ለሁለቱ ፕሮጀክተሮች 5 ኪሎ ቮልት አምፒር ጄኔሬተር አብሽር፣ ይበቃል፤ ላፕቶፑንና ማስተላለፊያውን ግን በዩፒኤስ አስገቡት።

ጦሳ ስር፦
ፊት ለፊት ሦስት ፖል አለ። ነገ ማታ ተለክቶ ቁጥሩ ይለጠፋል።