እርዱኝ፦ ለገና ስጦታ የሠራሁት ሻማ መሃሉ ጎደጎደ፣ ሲለኮስም ይጠፋል

ገና ደረሰ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ለቤተሰብና ለጓደኞቼ ብዬ 11 ሻማ በብርጭቆ ሠርቼ አደርኩ። ጠዋት ተነስቼ ሳያቸው የሁሉም መሃል ጎድጉዷል፣ አንዳንዱማ ጣት ያስገባል። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። አንዱን ለኩሼ ሞከርኩት፣ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ ክሩ ሰሙ ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ። ሰሙን በደንብ ነው ያቀለጥኩት። ሌላ ስጦታ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፣ በእጄ የሠራሁትም ለዚህ ነው። ከየት ልጀምር?

ፈጣን እጅ፦
ቀላል ነው እህቴ። የፀጉር ማድረቂያ ካለሽ ከላይ አሙቂው፣ ይቀልጥና እኩል ይሆናል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

መቅረዝ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አትደንግጪ። ሰም ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ይኮማተራል። ፓራፊን፣ ማለትም ከነዳጅ የሚወጣው የተራ ሻማ ሰም ከሆነ፣ መጠኑ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጠርዙ ብርጭቆውን ስለሚነካ ቀድሞ ይረጋል፣ መሃሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ስለዚህ የሚጎድለው ከመሃል ነው። ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የሰም ጠባይ ነው።

የሻማን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ማይክል ፋራዴይ የሚባለው ታላቅ ሳይንቲስት በፈረንጆቹ 1860 መጨረሻ፣ ልክ በገና ሰሞን፣ ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስድስት ተከታታይ ትምህርት መስጠት ሲጀምር ርዕሱ ሻማ ነበር። ሻማ ሲበራ በዋናነት የሚነደው ክሩ አይደለም፣ የሰሙ ትነት ነው። ነበልባሉ ሰሙን ያቀልጣል። ክሩ የቀለጠውን ወደ ላይ ይስባል። እላይ ሲደርስ ይተናል፣ ትነቱ ይነዳል። ክሩ የሚስበው ከሚቀልጠው ካነሰ ግን ሰሙ ይጠራቀምና ክሩን ያሰጥመዋል። ያንቺ ችግር እንግዲህ ሁለት ነው። ጉድጓዱ ሌላ፣ ክሩ ሌላ።

ጎረቤት ነኝ፦
ጋሼ መቅረዝ፣ ትምህርቱ ደስ ይላል፣ ልጅቷ ግን ያላት ሦስት ቀን ነው ሃሃሃ።

ስፌት ወዳጅ፦
ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ሻማ? ለ11 ሰው አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ስጦታ ነው ወይ? ደግሞ በእጅ የተሠራ ሁሉ ርካሽ ነው የሚባለው እውነት አይደለም። ሰሙን፣ ክሩን፣ መዓዛውን፣ ብርጭቆውን፣ ሪባኑን ስትደምሪው ከተገዛ ሻማ ሊበልጥብሽ ይችላል። ቤት ካለ ትርፍራፊ ጨርቅ ትንንሽ ቦርሳ ብትሰፊላቸው አይሻልም? አይሰነጠቅ፣ አይጠፋ።

ገና ደረሰ፦
ስፌት አልችልም። ሰሙንም አልገዛሁትም። ዓመቱን ሙሉ የሻማ ቁራጭ ስሰበስብ ነው የከረምኩት፣ ሁሉም ነጭ ተራ ሻማ ነው። ብርጭቆዎቹ የማርማላታ ናቸው፣ አጥቤ ያስቀመጥኳቸው። ያወጣሁት የቀለሙን ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ነው ላልሽው፣ እያንዳንዱን ሰውየው በሚወደው ቀለም ነው የሠራሁት። አክስቴ ሐምራዊ ትወዳለች፣ የሷን ሦስት ጊዜ ነው የደጋገምኩት። ቀለሙ ግን አልያዘልኝም፣ ታች ወርዶ እንደ ዶቃ ተንጠባጥቧል።

ሰምና ወርቅ፦
ቆይ ቆይ። ቀለሙ ምንድነው? ክሩስ ምን ክር ነው? ስታረጊው የት አስቀመጥሽው?

ገና ደረሰ፦
ቀለሙ የምግብ ቀለም ነው። ክሩ ከሹራብ የተረፈ ክር ነው። ቶሎ እንዲረጋ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስገባኋቸው። ምነው?

ጎረቤት ነኝ፦
ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሻማ ቢሰነጠቅ አይፈረድበትም ሃሃ። አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ጉዳዩ ተገኘ።

ሰምና ወርቅ፦
በይ ስሚኝ፣ ሁሉም ይድናል። እኔ በየዓመቱ ለስጦታ እሠራለሁ፣ የመጀመሪያ ዓመት ያበላሸሁትም ልክ ይሄንኑ ነው።

የምግብ ቀለም ብዙ ጊዜ ውሃ አለው፣ ውሃና ሰም ደግሞ አይዋሃዱም። ታች የወረደው ለዚህ ነው። ክሩ ላይ ጠብታው ከደረሰ ነበልባሉን ያጠፋዋል። ብርጭቆዎቹን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሚያቸው። ድስቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አንጥፊ፣ መስታወቱ ብረቱን አይንካ። ቀስ እያልሽ አሙቂ። ሰሙ ሲቀልጥ ክሩን አውጪ፣ ሰሙን ጣሳ ውስጥ ገልብጪና ሩብ ሰዓት እንዲቆይ ጣሳውን እዛው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው። ቀለሙና ቆሻሻው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ንጹሁን ብቻ በቀጭን ጨርቅ አጥልይ። የታችኛውን እርሺው፣ ማጠቢያ ውስጥ ግን እንዳትደፊው፣ ቱቦ ይደፍናል።

አሁን ክሩ። የሹራቡን ክር ጫፍ በክብሪት ለኩሺው። እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው፣ ጣይው፣ ሰም አይስብም። ንጹህ ጥጥ ክር ፈልጊ፣ ሦስቱን ጉንጉን አድርጊ። ከዚያ የቀለጠ ሰም ውስጥ ንከሪው። ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው እስኪያቆም ጠብቂ። አውጥተሽ ቀጥ አድርገሽ ወረቀት ላይ አስተኚው። ሲደርቅ እንደ ስንደዶ ቀጥ ይላል።

ፈጣን እጅ፦
የፀጉር ማድረቂያው ይበቃል እኮ። ለምን ታደክሟታላችሁ?

ሰምና ወርቅ፦
ማድረቂያው ላይኛውን ፊት ብቻ ነው የሚያሳምረው። ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ እዛው ነው፣ ክሩም አይነድላትም።

የእጅ ሥራ፦
ክሩን ጨውና ቦራክስ የሚባለው ነጭ ዱቄት በተቀላቀለበት ውሃ ብትነክሪው በደንብ ይነዳል።

ሰምና ወርቅ፦
እውነት ነው፣ ግን ተነክሮ በደንብ መድረቅ አለበት፣ ቀን ይፈጃል። እሷ ጊዜ የላትም። ሰም የጠጣ ጥጥ ይበቃታል።

ገና ደረሰ፦
ጎበዝ ነሽ እህቴ! ክሩን ለኮስኩት፣ ፍሬ ሠራ። ጥጥ ክር ከአሮጌ ትራስ ልብስ መዝዤ አወጣሁ። ሲቀዳስ እንዳይጎደጉድ ምን ላድርግ? ደግሞ መዓዛ እንዲኖረው የምቀባውን ሽቶ ጠብ ላድርግበት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሽቶ እንዳታደርጊ!! የሚረጭ ሽቶ አልኮል ነው። የጋለ ሰም ላይ ሲፈስ ትነቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ለሻማ የተሠራ የመዓዛ ዘይት ከሌለሽ ያለ መዓዛ ይቅር።

ሌላም ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በእጅ የተሠራ ሻማ በስጦታ መጣልን። ከላይ የደረቀ አበባ ተሰክቶበት በጣም ያምር ነበር። ሳሎን ለኮስነው። ትንሽ ቆይቶ አበባው በሙሉ እሳት ያዘ፣ ነበልባሉ መዳፍ አከለ፣ ቀጥሎ ብርጭቆው ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። ልጆቼ ከጎኑ ነበሩ። የድስት ክዳን ደፋሁበትና ጠፋ። የሰጠችኝ ወዳጄ ብትሰማ ታለቅስ ነበር፣ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስለዚህ እህቴ፣ እባክሽ ለሰው ከመስጠትሽ በፊት አንዱን እስከ ታች አንድደሽ እዪው።

ገና ደረሰ፦
እኔም ከላይ የደረቀ ቅጠል አድርጌበታለሁ። ይነሳ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁሉንም አንሺው። ከፈለግሽ ከብርጭቆው ውጭ በክር እሰሪው፣ ሲለኩሱ ፈትተው ያስቀምጡታል። የተሰነጠቀውስ ምኑ ነው? ብርጭቆው ነው ሰሙ?

ገና ደረሰ፦
የአንዱ ብርጭቆው፣ የአንዱ ሰሙ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ብርጭቆው የተሰነጠቀውን ጣይው። በሙጫ እንዳትሞክሪው።

ሰምና ወርቅ፦
እሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። አቀዳዱ እንዲህ ነው። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው፣ ጣሳውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ አድርጊው። ብቻውን እሳት ላይ ከተተወ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ትነቱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከተቀጣጠለ እሳቱን አጥፊና ክዳን ድፊበት፣ ውሃ በፍጹም አታፍስሺበት። ውሃው በአንዴ እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ይረጨዋል።

ብርጭቆዎቹን በደንብ አድርቂና ለብ አድርጊያቸው፣ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ከተቀዳ ሰሙ ከመስታወቱ ይላቀቃል። ክሩን መሃል አቁመሽ እላይ በእርሳስ አስደግፊው። ቅጂና ትንሽ ሰም ለኋላ አስቀሪ። ፊቱ ቆዳ ሲያወጣ፣ ውስጡ ግን ገና ሲለሰልስ፣ በስቴኪኒ ክሩ አጠገብ ሦስት አራት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊው። ታች ያለው ባዶ ቦታ የሚሞላው በዚህ በኩል ነው። መሃሉ ሲወርድ ያስቀረሽውን በደንብ አሙቀሽ ሙዪው። ፍሪጅ የለም። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ጣል አድርገሽበት ይደር።

ለቀለሙ ለሻማ ተብሎ የተሠራ ከሌለሽ ነጭ ተይው። የልጆች የሰም ከለር የሚጨምሩ አሉ፣ ግን ቀለሙ ክሩን ይደፍነዋል። ቀለሙን ከውጭ በሪባን አድርጊው። የአክስትሽን በሐምራዊ ክር እሰሪላት።

ስፌት ወዳጅ፦
ለእያንዳንዱ በሚወደው ቀለም ነው ስትዪ ያልኩትን መልሼ አሰብኩት። ስጦታ ነው፣ ተሳስቻለሁ። ብርጭቆው ለተሰበረበት ሰው ግን ምን ልትሰጪ ነው? በእጅሽ የተጻፈ ረዘም ያለ ደብዳቤ ስጪው። እናቴ ከሰጠኋት ሁሉ እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጠችው አንድ ደብዳቤ ነው።

ገና ደረሰ፦
ወንድሜ ላይ ነው የደረሰው። ደብዳቤ ብጽፍለት ያነበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እጽፍለታለሁ። አንዱን ሻማ ትናንት ማታ በአዲሱ ክር ቀድቼ አሁን ለኮስኩት። 40 ደቂቃ ሆነው፣ አልጠፋም! ግን ቀልጦ ክብ የሠራው ሰም ጠርዙ ጋ አልደረሰም። ክሩ ቀጠነ ማለት ነው?

ሰምና ወርቅ፦
ገና ነው፣ አትቸኩዪ። ለእያንዳንዱ 2 ሴንቲሜትር ተኩል የብርጭቆ ስፋት አንድ ሰዓት ያህል ስጪው። ብርጭቆሽ 7 ከሆነ ሦስት ሰዓት አካባቢ። ያኔም ጠርዙ ካልደረሰ አዎ፣ ክሩ ቀጥኗል፣ ለቀሪዎቹ ወፈር አድርጊው። ነበልባሉ ከረዘመና ጥቁር ጭስ ካወጣ ደግሞ ወፍሯል። ስትሰጪያቸው ትንሽ ወረቀት ጻፊበት፦ መጀመሪያ ሲለኩሱት ጠርዙ እስኪቀልጥ ይጠብቁ፣ ክሩን ሁሌ ግማሽ ሴንቲሜትር አድርገው ይቁረጡ፣ ትተውት አይውጡ።

ገና ደረሰ፦
እሺ፣ ከጎኑ ተቀምጬ እየጠበቅኩት ነው። ደብዳቤውንም ጀምሬዋለሁ። ማታ እነግራችኋለሁ።

ጎረቤት ነኝ፦
እህቴ፣ ምን ደረሰ? ጠርዙ ጋ ደረሰ?

ፈጣን እጅ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ማድረቂያውን ተውኩት፣ በስቴኪኒ ልሞክር ነው።

የእጅ ሥራ፦
በዚሁ አንድ ልጠይቅ። የኔ የንብ ሰም ነው፣ ከፓራፊን ቁራጭ ጋር ላቀላቅለው እችላለሁ? ለሁለት ሰው ብቻ ነው የምሠራው።

መቅረዝ፦
ይቻላል። የንብ ሰም 62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ጠንከር ይላል፣ ስለዚህ ለሱ ክሩን ወፈር አድርጊው። መጀመሪያ ግን አንዱን ለኩሰሽ እዪው።